ውኃን በራሱ የሚለቅ የመጸዳጃ ቤት መሣሪያ፦ የቤት ውስጥ አሠራሩና ጥንቃቄው

በእጅ ሳይነካ ውኃ የሚለቅ መጸዳጃ በትልልቅ ሆቴሎችና በአውሮፕላን ማረፊያዎች የተለመደ ነው። ተመሳሳዩን መሣሪያ በቤት ውስጥ መሥራት የሚቻል ሲሆን፣ በተለይ የእጅ ጉዳት ያለባቸው ወገኖችና መልቀቂያውን ለመጫን የሚቸገሩ አረጋውያን ለሚኖሩበት ቤተሰብ ጠቀሜታው የጎላ ነው።

ዋና ዋና ክፍሎቹ እንደ አርዱይኖ ኡኖ ያለ ማይክሮ ኮንትሮለር፣ ርቀት የሚለካ የአልትራሳውንድ ሴንሰር እና የውኃ ሣጥኑን መክፈቻ የሚስብ ሰርቮ ሞተር ናቸው። ሴንሰሩ ለጆሮ የማይሰማ ድምፅ ልኮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካል፤ ድምፁ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ርቀት ደርሶ ለመመለስ 58 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል።

ሴንሰሩ ሰው ባየ ቁጥር ውኃ እንዲለቀቅ ማድረግ ግን ስሕተት ነው። በአጠገቡ ያለፈ ሰው ወይም የተወዛወዘ መጋረጃ ብቻ ሣጥኑን ባዶ ሊያደርገው ይችላል። 6 ሊትር የሚይዝ ሣጥን በቀን 10 ጊዜ ያለአግባብ ቢለቀቅ 60 ሊትር ይባክናል፤ ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሠፈር ይህ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ስለሆነም ፕሮግራሙ ሰው ከ10 ሰከንድ በላይ መቀመጡን፣ ቀጥሎም ተነሥቶ 5 ሰከንድ ማለፉን ካረጋገጠ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲለቅ ሆኖ ይጻፋል። ሣጥኑ እስኪሞላም ሌላ ትእዛዝ መቀበል የለበትም። ለዚህ ጊዜ መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ የቧንቧ ውኃ ሲጠፋ ሣጥኑ ሳይሞላ ሰዓቱ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ከውኃው ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ቢጨመር ይመረጣል።

ሰርቮ ሞተሩ ኃይል ከማይክሮ ኮንትሮለሩ ፒን መውሰድ የለበትም። የአርዱይኖ ኡኖ አንድ ፒን ከ40 ሚሊ አምፔር በላይ አይችልም፤ ሸክም የበዛበት ሰርቮ ግን ከ1 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ለሞተሩ የራሱ ባለ 5 ቮልት ምንጭ ይዘጋጅለታል፤ የሁለቱ ምንጮች ኔጌቲቭ መስመሮች ካልተገናኙ ግን ትእዛዙን በትክክል አይቀበልም። ከሁሉ በላይ፣ 220 ቮልት የሚቀበለው አዳፕተር ከመጸዳጃ ክፍሉ ውጭ መሰካት ይኖርበታል። ወደ ውስጥ የሚገባው ዝቅተኛው ቮልት ብቻ ነው። ማይክሮ ኮንትሮለሩም በተከደነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ሆኖ ከውኃው ሣጥን ርቆ ይቀመጣል።

የእጅ መልቀቂያው ፈጽሞ መነቀል የለበትም። ሞተሩ ከመክፈቻው ጋር በጠንካራ ብረት ሳይሆን በላላ ገመድ ከታሰረ፣ መብራት በሌለ ጊዜም በእጅ መልቀቅ ይቻላል። መብራት ሲመለስ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ስለሚጀምር፣ ለጥቂት ሰከንዶች ምንም እንዳይለቅ አስቀድሞ ይታዘዛል።

ሥራው ሲያልቅ ፍሳሽ አለመኖሩን መፈተሽ ይገባል። በሣጥኑ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጠብ ተደርጎ ውኃው ሳይለቀቅ ለሩብ ሰዓት ይቆያል፤ ቀለሙ በመቀመጫው ውስጥ ከታየ የሣጥኑ መዝጊያ ጎማ በሚገባ አልገጠመም ወይም ገመዱ ከመጠን በላይ ተወጥሯል ማለት ነው።