ቮልስ የሱባሩ ሞተር ሲገጠምላት

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቮልስ ስትመጣ ሳያያት በድምፅዋ ያውቃታል። እንዲያ የምትጮኸው ሞተሯን የሚያቅፍ፣ ድምፁንም የሚያፍን ውሃ ስለሌለ ነው። የኋላ ኮፈኗን ብትከፍቱ ራዲያተር አታገኙም። የምታገኙት ፋን፣ ላሜራ፣ እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩ የብረት ክንፎችና አየር ብቻ ነው። በ1930ዎቹ የተነደፈችው ይህች መኪና እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። በጠቅላላው በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ይዛ ነው የኖረችው።

የጓደኛዬ አባት ቮልስ 1200 ናት፤ 1,192 ሲሲ፣ 34 የፈረስ ጉልበት። ሞተሯ ሁለት ጊዜ ታድሶ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያልቅ ጋሼ ሊሸጧት አሰቡ። ልጃቸው ደግሞ ከአደጋ የተረፈ ባለ 2.2 ሊትር የሱባሩ ሞተር አግኝቶ «ግቢ ውስጥ እንቀይርላታለን» አለ። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «ዳገት ላይ ብትበር ግድ የለኝም። ቁልቁለት ላይ መቆሟን አሳዩኝ» አሉ። ነገሩ ሁሉ እዚች ዓረፍተ ነገር ላይ እንደሚያርፍ ያን ቀን አልገባንም ነበር።

ሞተር ሲመረጥ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጉልበቱን ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን «ወዴት ይዞራል?» ተብሎ ነው። እስቲ አስቡት፤ ካምቢዮው የሚያውቀው የአንድ አቅጣጫ ሽክርክሪት ብቻ ነው። በተቃራኒው የሚዞር ሞተር ብትገጥሙለት አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ያላት መኪና ታገኛላችሁ! ይህ ቀልድ አይደለም። ድሮ አሜሪካ ውስጥ የሼቭሮሌ ኮርቬር ሞተር ቮልስ ላይ የሚገጥሙ ሰዎች ነበሩ። ያ ሞተር በተቃራኒ ስለሚዞር ካምቢዮውን ፈትተው፣ የዲፈረንሲያሉን ትልቁን ጥርስ በሌላው ጎን ገልብጠው መግጠም ነበረባቸው። የሱባሩ ሞተር ግን ከካምቢዮው ጎን ሆናችሁ ብታዩት ልክ እንደ ቮልሱ ነው የሚዞረው። ደግሞም ሁለቱም ቦክሰር ናቸው፤ አራቱ ፒስተኖች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመው ይሠራሉ። ስለዚህ ሱባሩው አጭርና ዝቅ ያለ ነው፤ ከዚያች ጠባብ የኋላ ክፍል ውስጥ ብዙ ሳይቆረጥ ይገባል።

ይገባል እንጂ አይገጥምም፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ ይለያያሉ። በመሀል አንዱ ፊቱ ለሱባሩ፣ ሌላው ፊቱ ለቮልስ ካምቢዮ የተበሳ ወፍራም የብረት ሳህን ያስፈልጋል። እኛ ቶርኖ ቤት አሠራነው። ገጠምነው፣ የኋላ ጎማዎቹን በቋሚ ድጋፍ ከመሬት አንስተን አስነሳን፤ ሠራ! ጎረቤት ሳይቀር አጨበጨበ። ማርሽ አስገብተን ፍሪሲዮን ስንረግጥ ግን የሚያፏጭ ድምፅ መጣ። ፈትተን ስንለካው የካምቢዮው ዘንግና የሞተሩ ዘንግ መሀላቸው በ0.4 ሚሊሜትር ተሳስቷል።

0.4 ሚሊሜትር ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር በሰከንድ 50 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ያ ዘንግ በሰከንድ 50 ጊዜ ወደዚህና ወደዚያ ይታጠፋል ማለት ነው። ሽቦ ደጋግማችሁ ስታጥፉት የሚሰበረው ለምንድን ነው? አንዷ እጥፋት አትሰብረውም፤ ድግግሞሹ ነው የሚሰብረው። የእኛም ካምቢዮ ዛሬ ባይሰበር ከጥቂት ሺህ ኪሎሜትር በኋላ፣ ምናልባት ጋሼ መሪ ላይ እያሉ፣ ኩሽኔታውን ይበላው ነበር። ሳህኑ እንደገና ተሠራ። ሁለት ሳምንት ሄደብን፤ አልጸጸተኝም።

ቀጥሎ ውሃው መጣ። ተመሳሳይ መጠን ያለው ውሃና አየር ብትወስዱ፣ ለአንድ ዲግሪ ጭማሪ ውሃው ከአየሩ ከ3,000 እጥፍ በላይ ሙቀት ይሸከማል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ አየር የሚያቀዘቅዘው ሞተር ያንኑ ያህል ይቸገራል። ውሃ ሲባል ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ እዚህ ከተማ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩ በሰላም የሚሠራው ከ90 ዲግሪ ዙሪያ ጀምሮ ስለሆነ ክፍት ድስት ቢሆን ኖሮ ገና መንገድ ሳንወጣ ይንተከተክ ነበር። የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ 0.9 ባር ግፊት ከያዘ ውሃው እስከ 114 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ሽሮ በክዳን ድስትና በግፊት ድስት መሥራት እንደሚለያየው ማለት ነው። ታዲያ ሞተሩ ሲሞቅ ክዳኑን ብትከፍቱት ግፊቱ በአንዴ ይወርድና ውሃው ፊታችሁ ላይ ይፈላል። እባካችሁ እንዳትሞክሩት።

ራዲያተሩን ከፊት አድርገን ቱቦዎቹን ከወለሉ ሥር አሳለፍናቸው። መጀመሪያ መንገድ የወጣነው እሑድ ማለዳ ነበር። አሥር ደቂቃ እንደነዳን የሙቀት መርፌው ወደ ቀዩ ዘለለ፣ ወዲያው ደግሞ ወረደ። ውሃ እንዲህ በአንዴ አይሞቅም፣ በአንዴም አይቀዘቅዝም። እንዲህ የሚዘል መርፌ ካያችሁ የሙቀት መለኪያው አጠገብ የአየር አረፋ እየተመላለሰ መሆኑን ጠርጥሩ። አጥፍተን እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ከዚያ የፊቱን በክሪክ አነሳንና አየሩን ከላይ በኩል አስወጣነው፤ አረፋ ሁልጊዜ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጎ ነው የሚደበቀው።

ስለ ጉልበቱ ብዙ አልልም። ሱባሩው በባሕር ጠለል 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው፤ እዚህ አየሩ ስለሳሳ ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጋውን ያጣል። ቢሆንም ከድሮው ሞተር በእጅጉ ይበልጣል። ካርቡራተርም የለውም። ካርቡራተር የአየሩን መሳሳት ስለማይረዳ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። የሱባሩው ኮምፒውተር ግን አየሩን ለክቶ ቤንዚኑን ይመጥናል።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ። ከ100 ወደ 140 ኪሎሜትር በሰዓት ስትሄዱ ፍጥነቱ በ40 በመቶ ይጨምራል፤ ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት ግን እጥፍ ይሆናል፤ ምክንያቱም ፍጥነቱ በራሱ ይባዛል። ቁልቁለት ደግሞ ፍጥነት ባትጨምሩም አይምርም። ሰው የጫነች 1,000 ኪሎ መኪና 300 ሜትር ከፍታ ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት 10 ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ሙቀት በማርሽ ካልተያዘ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። የድሮዋ ቮልስ ፍሬን ከበሮ ዓይነት ስለሆነ ሙቀቱ እውስጡ ይታፈናል። ስለዚህ የፊቱን ከኋለኞቹ ሞዴሎች በመጣ ዲስክ ፍሬን ቀየርነው። ወጪው ከሞተሩ ብዙም አያንስም ነበር፤ ጓደኛዬ «ለጊዜው ይቅር» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር፣ ተጣላን ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር አልተቀየረም። የ1200ዋ የኋላ አክስል በመታጠፊያ ላይ ድንገት ነዳጅ ስትለቁ ጎማውን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ኋላዋ ቀድሟችሁ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ፍጥነት መቀነስ ያለበት ከመታጠፊያው በፊት ነው፤ አዲሱ ጉልበት ይህን አያስተካክለውም፣ ያብሰዋል እንጂ።

የመጨረሻው ሙከራ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ነበር። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ተቀይሮ፣ ምርመራውም አልቆ። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጣችው። ጋሼ ከጎን ተቀምጠው ምንም አላሉም። ቁልቁል ስንመለስ በሁለተኛ ማርሽ እየያዝን፣ ፍሬኑን አልፎ አልፎ እየነካን ወረድን። ታች ስንቆም ወርደው እጃቸውን ወደ ግራው የፊት ጎማ አስጠጉ፤ ሳይነኩ ሙቀቱን ለኩ። ከዚያ ዞረው የቀኙን። «ግራው ይሞቃል» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። በማግስቱ ስንፈታው የቀኙ ፍሬን ፒስተን ተጣብቆ በቅጡ አይገፋም፤ ሥራውን ሁሉ ግራው ነበር የሚሠራው።