ስለ ኮሶ ትል አመጣጥ

በአገራችን በሽታውም መድኃኒቱም በአንድ ስም ኮሶ ይባላል። ኮሶ በየሁለት ወሩ መጠጣት ልማድ በነበረበት ዘመን፥ ትሉ ከሰው ጋራ አብሮ የተፈጠረ የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂቶች አልነበሩም፤ ስለዚህም ከወዴት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ብዙ አልነበረም።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ትሉ በራሱ ከሰው ታናሽ አንጀት ተጣብቆ ይኖራል፤ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሜትር ይደርሳል። ሰውነቱ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ሲሆን ከ1,000 በላይ የሆኑ ቁራጮች ተቀጣጥለው የሠሩት ነው፤ በአንዱም የበሰለ ቁራጭ ውስጥ እስከ 100,000 የሚደርስ እንቍላል ይገኛል። ቁራጮቹ ከሰገራ ጋራ፥ አንዳንድ ጊዜም በራሳቸው እየተንቀሳቀሱ ይወጣሉ። ሰው በልብሱ ላይ ነጭ ነገር አይቶ የሚያፍረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወደ ሐኪም ሳይሄድ የሚቀረውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ዕፍረት ነው።

ይህ እንቍላል ሰውን አያሳምምም። (ከእሪያ ሥጋ የሚመጣው ሌላው ዐይነት ግን እንቍላሉ ራሱ እስከ አንጎል ገብቶ ይጐዳል።) በሜዳ ሣር ላይ ወድቆ ለወራት ይቈያል፤ ጥጃ ወይም በሬ ከሣሩ ጋራ ሲውጠው ከአንጀት ወደ ደም ይገባና በሥጋው ውስጥ የአተር ፍሬ የሚያህል ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። በከረጢቱም ውስጥ የሚመጣው ትል ራስ ተሰውሮ ይጠብቃል። ሰው ያንን ሥጋ ጥሬውን ሲበላ በ2 ወይም በ3 ወር ውስጥ ሙሉ ትል ይሆንበታል። ሊውካርት የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1860ዎቹ ዓመታት፥ የትሉን ቁራጭ ለጥጃ አብልቶ ይህንኑ በሥጋው ውስጥ አግኝቶታል።

እንግዲህ በሬው ሰውን ከማሳመሙ በፊት ሰው በሬውን አሳምሞታል ማለት ነው። በአንድ ግቢ ሰገራ ቤቱ ለባለቤቶቹ ብቻ ተሠርቶ እረኛው ወደ ሜዳ የሚወጣ ከሆነ፥ የእረኛው ትል በሚታረደው ሰንጋ በኩል ወደ ጌታው ማዕድ ይመለሳል። ስለዚህ ለቤተ ሰቡ መድኃኒት የሚያስመጣ ሰው እረኛውንና አሽከሮቹን ሊረሳ አይገባውም፤ ለእነርሱም ሰገራ ቤት ማሠራት ከመድኃኒቱ ዋጋ የሚበልጥ ጥቅም አለው።

ስለ ሥጋው ጥቂት እንበል። ሚጥሚጣውና አዋዜው፥ በላዩም የሚጠጣው አረቄ ትሉን አይገድለውም። ለብ ለብ የተደረገ ክትፎም ከጥሬው ብዙ አይሻልም። በቄራ የሚመረምሩት ሰዎች ልቡን፥ ምላሱንና የመንጋጋውን ሥጋ ሠንጥቀው ያያሉ፤ ነገር ግን ከረጢቱ ጥቂት በሆነ ጊዜ ከዓይናቸው ያመልጣል። የሚገድለው እስከ ውስጡ ከ60 ዲግሪ በላይ የደረሰ ሙቀት ነው፤ ወይም ከዜሮ በታች ቢያንስ 10 ዲግሪ በሆነ ብርድ ከ10 ቀን በላይ ማቈየት ነው። ጥሬ ሥጋ መተው የሚያስጨንቀው ሰው ይህን ሁለተኛውን ይያዝ።

የኮሶ ዛፍ ወንድና ሴት አለው፤ ለመድኃኒት የሚወሰደው የሴቲቱ አበባ ነው። አባቶቻችን ይህን ማወቃቸው የሚያስመሰግን ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን እንግዳ አይቀበልም ነበር፤ ማስመለሱና የሆድ ቍርጠቱ ከባድ ነውና። ከልኩ ሲያልፍ የዓይን ብርሃን ይጐዳል፤ ለነፍሰ ጡር ሴትማ ጨርሶ አይገባም። ደግሞም ብዙ ጊዜ ቁራጮቹን አውጥቶ ራሱን ያስቀራል፤ ራሱ ከቀረ ትሉ እንደ ገና ያድጋል። በየሁለት ወሩ መጠጣት ያስፈለገውም አንዱ ምክንያት ይህ ነበረ።

ዛሬ ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት በሰውነት ክብደት ተመጥኖ አንድ ጊዜ ይዋጣል፤ ትሉም ከነራሱ ይሞታል። ኒክሎሳማይድ የሚባልም ሌላ አለ። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው። ከዋጡት በኋላ 3 ወር ሙሉ ቁራጭ ካልታየ ድኗል ይባላል፤ ከታየ ግን ወደ ሐኪሙ ተመልሶ መሄድ፥ ሥጋውም ከየት እንደ መጣ መመርመር ያስፈልጋል።