ሬይ ቦርክና 16ቱ ድሎች

በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ በኤን ኤች ኤል፣ ዘመኑን ሙሉ ድንቅ ሆኖ ተጫውቶ አንድም ዋንጫ ሳያነሳ ጫማውን የሚሰቅል ሞልቷል። ሬይ ቦርክም ከእነሱ አንዱ ለመሆን ትንሽ ነበር የቀረው።

በእግር ኳስ የለመድነው ሊጉን አንደኛ ሆኖ የጨረሰ ዋንጫ ሲወስድ ነው። እዚያ ግን የመደበኛው የውድድር ዘመን ፉክክር ወደ ጥሎ ማለፉ የሚገቡትን 16 ቡድኖች መለያ ነው። ዋናው ትንቅንቅ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው! ሁለት ቡድኖች እስከ ሰባት ጊዜ ይገጥማሉ፤ ቀድሞ አራት ያሸነፈ ያልፋል። አራት ዙር ስላለ የሊጉ ዋንጫ፣ ማለትም የስታንሊ ዋንጫ፣ 16 ድል ይጠይቃል። ደግሞ በጥሎ ማለፉ የመለያ ምት የለም። እኩል ከሆኑ ጎል እስኪገባ ድረስ ሃያ ሃያ ደቂቃ እየተጨመረ ይቀጥላል፤ እኩለ ሌሊት ቢያልፍም። በእኔ እምነት ከዚህ የሚከብድ የቡድን ውድድር ማግኘት ይቸግራል።

የሞንትሪያሉ ልጅ ቦርክ እ.ኤ.አ. በ1979 ቦስተን ብሩይንስ ገባ። አምስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። በ1988 እና በ1990 ለፍጻሜ ቢደርስም ሁለቱንም ኤድመንተን ኦይለርስ አሸነፈ። በመጋቢት 2000፣ በ39 ዓመቱ፣ ዋንጫ ፍለጋ ወደ ኮሎራዶ አቫላንሽ ተዛወረ። በዚያ ዓመትም አልሆነም።

በ2001 ጥሎ ማለፍ ግን ቦርክ 16 ድልን ዓላማ ያደረገ ጽሑፍ ያለበት ኮፍያ አጠለቀ። በፍጻሜው ኮሎራዶ በኒው ጀርሲ ዴቪልስ 3 ለ 2 ተመርቶ ነበር፤ አንድ ሽንፈት ቢጨመር ሁሉም ነገር ያበቃል። ስድስተኛውን ከሜዳው ውጪ 4 ለ 0፣ ሰባተኛውን ሰኔ 9 ቀን ዴንቨር ላይ 3 ለ 1 አሸነፈ።

በልማዱ ዋንጫውን ተቀብሎ መጀመሪያ ከፍ የሚያደርገው አምበሉ ነው። አምበሉ ጆ ሳኪች ግን ተቀበለና ራሱ ሳያነሳ በቀጥታ ለቦርክ ሰጠው። የ40 ዓመቱ ሰው ከ22 የውድድር ዘመን በኋላ ዋንጫውን አነሳ። ከሦስት ቀን በኋላ ይዞት ቦስተን ሲሄድ፣ የቀድሞ ደጋፊዎቹ በሌላ ቡድን ድል ሊደሰቱ በሺዎች ወጡ።

ከዚያ በኋላ ቦርክ አልተጫወተም። ሳኪች ዋንጫውን ሲያቀብለው የሚያሳየውን ቪዲዮ ፈልጋችሁ እዩት።