ጡጦን በኩባያ እንተካ

በመካከላችን ልጃቸውን ለአያት ወይም ለሞግዚት ትተው ለሥልጠና የመጡ እናቶችና አባቶች አሉ። ልጁ የሚተወው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጡጦው ጋር ነው። ሲያለቅስ ጡጦ፣ ሲተኛ ጡጦ፣ እንግዳ ሲመጣም ጡጦ! ታዲያ ይህ እስከ መቼ ይቀጥላል? ዛሬ በዚህ ላይ ጥቂት ለማለት እንወዳለን።

የሕፃናት ሐኪሞች ልጅ በ6 ወሩ ምግብ ሲጀምር ኩባያም አብሮ እንዲለማመድ፣ ጡጦው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ እንዲቀር ይመክራሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ፤ የምናስጥለው ጡጦውን እንጂ ጡቱን አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ጡት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ይመክራል። የዓለም የጤና ጉባኤም በግንቦት 1973 ዓ.ም. የዱቄት ወተትና የጡጦ ማስታወቂያን የሚገድብ ደንብ ማጽደቁ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ጉዳቱ በሦስት በኩል ይመጣል።

1ኛ/ ንጽሕና፦ የጡጦው ጫፍና አንገቱ ወተት ይይዛሉ። በሚገባ ታጥቦ ካልተቀቀለ ተሕዋስያን ይራቡበታል፤ ተቅማጡም ከዚያ ይነሣል። ኩባያ ግን አፉ ሰፊ ነውና በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ቶሎ ይጸዳል። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ዙሪያ ውሃ ከሩቅ ለሚቀዳ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

2ኛ/ ጥርስ፦ ልጁ ጡጦ እንደ ጎረሰ ሲተኛ ወተቱ ወይም ስኳር ያለው ሻይ ጥርሱ ላይ ይቆያል። ተሕዋስያን ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ የሚያጥበው የለም።

3ኛ/ ምግብ፦ ሆዱን በወተት የሞላ ልጅ የቡላ ገንፎውን፣ ጎመኑን፣ እንቁላሉን ይገፋል። የላም ወተት ያለው የብረት ማዕድን በጣም ጥቂት ስለሆነ ልጁ ለደም ማነስ ይጋለጣል።

ታዲያ እንዴት ይደረግ? በአንድ ቀን ነጥቆ መደበቅ ልጁንም ቤቱንም ማስጨነቅ ነው። ከቀላሉ ወደ ከባዱ የምንለው የማስተማር ዘዴ እዚህም ይሠራል። መጀመሪያ የቀትሩ ጡጦ ይቅር፤ በምትኩ ልጁ ተቀምጦ በትንሽ ኩባያ ጥቂት ጥቂት ይጠጣ። እሱን ሲለምድ የጠዋቱ ይከተል። የመኝታው መጨረሻ ይሁን፤ እሱ ከምግብነቱ ይልቅ ማባበያነቱ ያይላልና። ወተቱን በኩባያ ጠጥቶ፣ ጥርሱ ጸድቶ፣ እሹሩሩ እየተባለ ይተኛ። መድፋቱ አይቀርም፤ ቢደፋ አንቆጣው። የሚማር ሰው ይሳሳታል፤ ይህን ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል?

ትልቁ ችግር ግን የቤተሰቡ አለመስማማት ነው። እናት የከለከለችውን ጡጦ አያት አዝነው በጓሮ ከሰጡ የሳምንቱ ድካም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ምክንያቱን ለአያትም ለሞግዚትም አስቀድመን በትሕትና እናስረዳ።

ለዕረፍት ወደ ቤት ስንሄድ ለልጁ አዲስ ጡጦ አንግዛለት። የማይሰበር፣ የራሱ የሆነ አንድ ትንሽ ኩባያ ይዘንለት እንሂድ። ነገ በምንመደብበት ቀበሌም እናቶች መምህሩን ይጠይቃሉና፣ መልሱን ከቤታችን እንጀምር።