ከኢርፎኑ በፊት ጎማው

ሁለት ሺህ ዶላር የወጣበት ኢርፎን ጆሮ ውስጥ ገብቶ «ቤዝ የለውም»፣ «ድምፁ ቀጠነብኝ» ሲባል መስማት የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኢርፎኑ አይደለም። ጫፉ ላይ የተሰካችው፣ ከጠቅላላው ሒሳብ ኢምንት የምትሆነው ጎማ ከባለቤቱ ጆሮ ጋር ስላልተስማማች ነው። ስለ ውድ ኢርፎኖች ብዙ ይወራል፤ ስለ ሽቦው፣ ስለ ቅርፊቱ ውበት፣ በውስጡ ስለታጨቁት ድምፅ አመንጪ ድራይቨሮች ብዛት። ስለ ጎማዋ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፤ ጎማው ሳይስተካከል ስለ የትኛውም ኢርፎን ድምፅ የሚሰጥ ፍርድ አይጸናም።

ከጆሮ እንጀምር። ከውጭ ከሚታየው ቀዳዳ እስከ ጆሮ ታምቡር የሚዘልቀው ቱቦ በአዋቂ ሰው 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ቀጥ ያለ አይደለም፤ ሁለት ቦታ ላይ ይታጠፋል። አፉም ክብ ሳይሆን ሞላላ ነው። የአንዱ ሰው ቀኝና ግራ ጆሮ እንኳ ብዙ ጊዜ እኩል አይሆኑም። ይህ ቱቦ ክፍት በሆነበት ጊዜ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ በተፈጥሮው ያጎላል፤ አንጎላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የለመደው ይህንኑ ነው። ኢርፎን ሲሰካበት ቱቦው ይደፈናል፣ ያ የተፈጥሮ ማጉላትም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ጥሩ ኢርፎን የሚሠራ መሐንዲስ ጆሮው ያጣውን አስልቶ መመለስ ይጠበቅበታል።

ይህን ሥራ ቀድመው በቅጡ ከሠሩት አንዱ አሜሪካዊው ሚድ ኪሊየን ነው። ኪሊየን ዕድሜውን ያሳለፈው በመስሚያ መሣሪያዎች ጥናት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ ኤቲሞቲክ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ መሠረተ፤ በ1991 ደግሞ ኢአር-4 የተሰኘውን ኢርፎን ለገበያ አቀረበ። ሦስት ቀለበት ተደራርበውበት ወደ ጆሮ ጠልቆ የሚገባው ጎማ የዚህ ኢርፎን መለያ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1995፣ የቫን ሄለን የሙዚቃ ቡድን የመድረክ ድምፅ ባለሙያ የነበረው ጄሪ ሃርቪ ከበሮ መቺው አሌክስ ቫን ሄለን በመድረኩ ጩኸት መሐል ራሱን መስማት ሲቸገር በጆሮው ልክ የተቀረጸ ማዳመጫ ሠራለት። ዐልቲሜት ኢርስ የተባለው ኩባንያ የተወለደው ከዚያ ነው። ዛሬ በመድረክ ሰዎች አጠራር ኢን-ኢር ሞኒተር የምንለው ነገር እንግዲህ በአንድ ወገን ከመስሚያ መሣሪያ ቤት፣ በሌላ ወገን ከሮክ መድረክ መጥቷል። ሁለቱም ወገኖች ከመጀመሪያው የተጨነቁት ስለ አንድ ነገር ነበር፦ ጆሮን አጥብቆ ስለመዝጋት።

መዝጋቱ ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? የኢርፎን ድራይቨር በጣም ትንሽ ናት፤ የክፍሉን አየር የማንቀሳቀስ አቅም የላትም። ቤዝ የምታሰማን በእርሷና በታምቡራችን መካከል የታሰረችውን ትንሽ አየር እየገፋችና እየሳበች ነው። በጎማው ዙሪያ ጸጉር የምታሳልፍ ክፍተት ካለች ወፍራሙ ድምፅ በዚያ ያመልጣል፤ ቀዳዳ ያለበት የኳስ መንፊያ ቢገፉት ኳሱ እንደማይነፋ ማለት ነው። ቀጭኑ ድምፅ ንዝረቱ ፈጣን ስለሆነ በዚያች ክፍተት ለማምለጥ ጊዜ አያገኝም፣ ስለዚህ እርሱ ይቀራል። ውጤቱ ከበሮው የጠፋበት፣ ጽናጽሉ ብቻ የቀረለት ዘፈን ነው። ሰውየውም ኢርፎኑን ይወቅሳል።

መዘጋቱን ማወቅ ቀላል ነው። ሙዚቃ ሳይከፍቱ ኢርፎኑን ይሰኩና አፍዎን ዘግተው «እምምም» ይበሉ። ድምፅዎ ራስዎ ውስጥ ጎላ ብሎ፣ እኩል በሁለቱም ጆሮ ካስተጋባ ተዘግቷል ማለት ነው። በአንድ ወገን ብቻ ከጎላ ሌላኛው ያፈስሳል። ቀጥሎ ቤዙ የማይቋረጥ ዘፈን ከፍተው ኢርፎኑን በጣትዎ ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ ይጫኑት። ሲጫኑት ቤዙ ከጨመረ፣ ሲለቁት ከቀነሰ ጎማው አልበቃዎትም። ከዚያ መንጋጋዎን እንደሚያኝክ ሰው ያንቀሳቅሱ። የጆሮ ቱቦ ከመንጋጋ ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ፣ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው የተስማማ ጎማ በወሬና በምግብ መሐል ሊለቅ ይችላል።

አሰካኩም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በተለይ ጎማው ስፖንጅ ሲሆን። ስፖንጁን በሦስት ጣት መሐል እያሽከረከሩ ቀጭን እስኪሆን ያሹታል። ቀኝ ጆሮ ላይ ሲሆን ግራ እጅዎን በራስዎ ላይ አሻግረው የቀኝ ጆሮዎን ቅርፊት ወደ ላይና ወደ ኋላ ይጎትቱ፤ ቱቦው ቀና ይላል። በሌላው እጅ ኢርፎኑን አስገብተው ስፖንጁ በሰውነት ሙቀት እስኪነፋ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ይያዙት። ብዙ ሰው ስፖንጅን «አይረባም» የሚለው ይህን ሠላሳ ሰከንድ ስለማይታገሥ ነው። ሲያወጡም ቀስ ብለው እያዞሩ ነው፤ በድንገት መንጭቆ ማውጣት ታምቡርን ያሳምማል።

ስፖንጅ ወይስ ሲሊከን? ስፖንጅ የጆሮን ቅርፅ ራሱ ተከትሎ ስለሚሞላ ለመዝጋት ይቀልለዋል፣ የውጭ ጩኸትንም በደንብ ይከለክላል። በሌላ በኩል ከቀጭኑ ድምፅ ጥቂት ይመጥጣል፤ እየቆየ ያረጃል፣ በየጥቂት ወሩም መቀየር አለበት። ሲሊከን በሞቀ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ የድምፁን ጥራትም ብዙ አይነካም፤ ልኩን ማግኘት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ስለዚህ ድምፁ ለጆሮ የሚቆረቁር ኢርፎን ያለው ሰው መጀመሪያ ስፖንጅ ይሞክር፤ ድምፁ የታፈነበት ደግሞ አፉ ሰፋ ያለ ሲሊከን። የጎማው መሐል ቀዳዳ ሲሰፋ ቀጭኑ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ይከፈታል፣ ሲጠብብ ደግሞ ይለዝባል።

በገበያው ላይ ያሉት ምርጫዎች ብዙ ናቸው። የጃፓኑ ፋይናል «ኢ» የሚለው ጎማው በአምስት ልክ ይመጣል፤ በትንሹና በመካከለኛው መሐል ለሚቸገር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የታይዋኑ ስፒንፊት አንገቱ ላይ መታጠፊያ ስላለው የጆሮውን ጠመዝማዛ መንገድ ተከትሎ ይዞራል። የኮሪያው አዝላ ጠንከር ያለ አንገት አለው። የጄቪሲው ስፓይራል ዶት በውስጥ ግድግዳው ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች የተረጩበት ነው። ከእነዚህ አንዱን «ምርጥ» ብሎ መምከር አይቻልም፤ የእርስዎን ጆሮ የሚያውቀው ጆሮዎ ብቻ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የኢርፎኑ አንገት ውፍረት ይለያያል። የሹርና የኤቲሞቲክ ቀጫጭን ናቸው፣ የሌሎች ብዙዎቹ ወፈር ይላሉ፣ ስለዚህ የአንዱ ጎማ በሌላው ላይ ሊላላ ወይም አልገባም ሊል ይችላል። ከውጭ አገር በዘመድ በኩል የሚያስመጡ ከሆነ የአንገቱን ውፍረት ለክተው፣ ሁለትና ሦስት ልክ በአንድ ጊዜ ይዘዙ፤ መልሶ መላክ የማይታሰብ ነውና። ለቀኝ ጆሮዎ ትልቅ፣ ለግራው መካከለኛ ከተስማማዎት እንደዚያው ያድርጉ። ምንም ነውር የለውም።

የበለጠ ትልቅ ጎማ የበለጠ ይዘጋል የሚል ግምት አለ። ትክክል አይደለም። ከልክ በላይ የሆነ ጎማ ጆሮው ውስጥ ይጨማደዳል፣ በጭምድዱ መሐል አየር ያሳልፋል፤ ኢርፎኑም ወደ ውጭ ይገፋል። እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የማያውቀው ነገር ይመጣል፤ የሚገባበት ጥልቀት ራሱ ድምፁን ይለውጠዋል። በጎማው ጫፍና በታምቡሩ መሐል የቀረው ርዝመት የራሱ የሆነ አንድ ቀጭን ድምፅ ያጎላል። በመለኪያ መሣሪያ ግራፍ ላይ ይህ ማጉላት እንደ ጉብታ ይታያል፤ ጉብታው እንዲወጣ የሚደረገውም በልማድ 8,000 ኸርዝ አካባቢ ነው። ኢርፎኑ ጠለቅ ሲል ርዝመቱ ስለሚያጥር ጉብታው ወደ ላይ ይሸሻል፣ ወደ ውጭ ሲወጣ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለት ሰዎች አንዱን ኢርፎን ሞክረው አንዱ «ጆሮዬን ወጋኝ»፣ ሌላው «ለስላሳ ነው» ሲሉ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። በግራፍ ብቻ ኢርፎን የሚመርጥ ሰው ከ8,000 ኸርዝ በላይ ያለውን መስመር በጥርጣሬ ቢያየው ይሻላል።

ጎማው ከተስተካከለ በኋላ፣ አሁን ኢርፎኖችን ወደ ማወዳደሩ። ሁለት የታወቁ ኢርፎኖችን እንያዝ። የጀርመኑ ዜንሃይዘር በ2021 ያወጣው አይኢ 900 በእያንዳንዱ ጆሮ አንዲት 7 ሚሊ ሜትር ድራይቨር ብቻ አለችው፤ ሲወጣ ዋጋው 1,300 ዶላር ያህል ነበር። የአሜሪካው 64 ኦዲዮ ዩ12ቲ ደግሞ በእያንዳንዱ ጆሮ 12 ድራይቨሮች አሉት፤ ሲወጣ ዋጋው 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። አስተሳሰባቸው በጣም የተራራቀ ነው። የመጀመሪያው ቤዙ ሞላ ያለ፣ ቀጭኑም ደመቅ ያለ ነው፤ ሁለተኛው ረጋ ብሎ ሁሉን በየቦታው የሚያስቀምጥ። 12 ከ1 ይበልጣል ብሎ የሚፈርድ ሰው ግን ይሳሳታል፤ የድራይቨር ብዛት የአሠራር ምርጫ እንጂ የጥራት መለኪያ አይደለም።

እነዚህን ጎን ለጎን ሲሰሙ የመጀመሪያው ሕግ ሁለቱም እኩል መዘጋታቸው ነው። አንድ ዓይነት ጎማ መጠቀም ግድ አይደለም፤ እኩል መዘጋት ግን ግድ ነው። ሁለተኛው የድምፅ መጠን ነው፤ ብዙ ፍርድ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉት የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት ጆሯችን ድምፅ ዝቅ ሲል ቤዙን ይበልጥ ያጣዋል፣ ከፍ ሲል መልሶ ያገኘዋል። ስለዚህ በጥቂቱ እንኳ ጮክ ያለው ኢርፎን «ሞላ ያለ»፣ «ጥርት ያለ» መስሎ ይሰማል። አንዱ ከሌላው በቀላሉ ስለሚጮህም በስልኩ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ላይ ማድረግ እኩል አያደርጋቸውም። አንድ ዘፋኝ ብቻውን የሚዘፍንበትን ቦታ ይምረጡና ድምፁ በሁለቱም እኩል ርቀት ላይ እስኪመስል ያስተካክሉ።

ከዚያ አጭር ቁራጭ፣ ሃያ ሰከንድ ያህል፣ እየደጋገሙ ያወዳድሩ። የድምፅ ዝርዝር ትዝታ በፍጥነት ይጠፋልና አንዱን ኢርፎን ለሰዓታት ሰምቶ ከሌላው ጋር ማወዳደር ያሳስታል። በመጨረሻ ግን ሁለቱንም በየተራ ለቀናት ያድርጓቸው፤ በሃያ ሰከንድ የሚያስደንቅ ድምፅ በሁለተኛው ሰዓት ሊያደክም ይችላል።

የሚያውቁትን ሙዚቃ ይስሙ። እኛ በዚህ ረገድ የታደልን ነን። የዓለሙ አጋን በገና ይክፈቱ፤ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበሞች 11ኛው ላይ ይገኛል። የበገና ድምፅ ወፍራም ብቻ አይደለም፤ ከአውታሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ጠፍር የምትሰጠው መንዘርዘር አለው። ጥሩ ኢርፎን የአውታሩን ወፍራም ድምፅና መንዘርዘሩን አንድ ላይ ሆነው፣ ግን ሳይደባለቁ ያሰማል። ቤዙ የተጋነነበት መንዘርዘሩን ይውጠዋል፤ የቀጠነው ደግሞ በገናውን ወደ ንብ ድምፅ ይለውጠዋል። ቀጥሎ የማሲንቆ ቅጂ፤ ጭራው ሲፋተግ ጆሮ የሚያሳክክ ከሆነ ጎማ ይቀይሩ። የአማርኛ ዘፈን ግጥም ውስጥ «ጸ» እና «ጭ» ሲመጡ ልብ ብለው ያድምጡ፤ እነዚህ ፊደላት ጥርት ብለው ሳይወጉ መውጣት አለባቸው። ከ1960ዎቹና ከ70ዎቹ የተረፉት የቴፕ ቅጂዎች ደግሞ ሹሹታ አለባቸው፤ ቀጭን ድምፅ አጉልቶ የተሠራ ውድ ኢርፎን ከዘፋኙ ይልቅ ሹሹታውን ያሰማዎታል። የጥንቱን ዘፈን ለሚወድ ሰው እንዲህ ያለው ኢርፎን የሺህ ዶላር ስሕተት ነው።

ስለ ዋጋ ካነሣን፣ በ2017 የታተመ የየሩን ብሬባርት ጥናት 283 ማዳመጫዎችን ለክቶ በድምፃቸው ሚዛንና በዋጋቸው መካከል ግንኙነት አላገኘም። ውድ ኢርፎን ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ምቾት አለ፣ ጥንካሬ አለ፣ የሥራ ጥራት አለ። ዋጋው ብቻውን ግን ስለ ድምፁ ምንም ዋስትና አይሰጥም።

በደንብ የሚዘጋ ጎማ ከሙዚቃው ደስታ የሚበልጥ ጥቅምም አለው። ታክሲ ውስጥ የሚያፈስስ ኢርፎን ያደረገ ሰው ጩኸቱን ለማሸነፍ ድምፁን ይጨምራል፤ የዘጋ ሰው አያስፈልገውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው ወሰን 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። 90 ዴሲቤል ላይ ያ 40 ሰዓት ወደ 4 ይወርዳል። በድምፅ ብዛት የተጎዳ የውስጥ ጆሮ አይመለስም። እንግዲህ አዲስ ኢርፎን ለመግዛት ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ባለዎት ላይ ሦስት ዓይነት ጎማ ይሞክሩ፤ የተስማማዎትን ሲያገኙ ደግሞ ድምፁን ጥቂት ይቀንሱት።