«ጀግና ነው» ወይስ «ጨካኝ ነው»? ቴዎድሮስን መድረክ ላይ መጫወት ለምን ይከብዳል

ቲክቶክ ላይ ስለ አፄ ቴዎድሮስ የተሠራ ቪዲዮ ሥር ገብታችሁ ኮሜንቱን አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ግማሹ «ጀግና!» ይላል፣ ግማሹ «ጨካኝ!» ይላል። ማንም ማንንም አይሰማም።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። በዚያው ዘመን የኖሩ ሁለት ሰዎች የንጉሡን ዜና መዋዕል ሲጽፉ፣ ደብተራ ዘነብ አሞገሱት፤ አለቃ ወልደ ማርያም ደግሞ ነቀፉት። ሁለቱን ቴዎድሮሶች በአንድ ሰው ገላ ላይ ማሳየት የሚችል ቦታ ካለ ግን የትያትር መድረክ ነው።

ትራጄዲ ሲባል ምን ማለት ነው?

በቀላሉ እንዲህ ነው። ትልቅ ሰው ይወድቃል። የሚወድቀው ግን ጠላት ስለበረታበት ብቻ አይደለም፤ ያነሳው ነገር ራሱ መልሶ ይጥለዋል። ተመልካቹ መጨረሻውን እያወቀ እንኳ «ምናለ ይሄን ባያደርግ» እያለ ይጨነቃል። ግሪኮች ኤዲፐስ አላቸው፣ እንግሊዞች ሐምሌት አላቸው። እኛ ደግሞ ቴዎድሮስ አለን።

ታሪኩ ከኛ አካባቢ ብዙም አይርቅም

አሶሳ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። የግብፁ መሐመድ አሊ ጦር በ1813 ዓ.ም. ሰናርን ከያዘ በኋላ ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ወደ ፋዞግሊና ወደ ቤኒሻንጉል ዘልቋል። የቋራው ካሣ ኃይሉ፣ ማለትም የኋላው ቴዎድሮስ፣ ገና ሳይነግሥ የተጋጠመው ከዚሁ ኃይል ጋር ነው። በ1840 ዓ.ም. ከመተማ ባሻገር ደባርቂ ላይ ገጠማቸው፤ መድፍ ጠበቀውና ተሸነፈ።

ከዚያ ሽንፈት ወዲህ መድፍና የሠለጠነ ጦር ከልቡ አልወጣም። በ1847 ዓ.ም. ነገሠ። ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲሠሩለት አደረገ፤ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል የዚያ ውጤት ነው። ባለሙያና ዕውቀት ፈልጎ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፈ። መልስ ሲጠፋ ተቆጣ፣ አውሮፓውያንን አሰረ። እስረኞቹን ለማስለቀቅ ደግሞ የናፒየር ጦር መጣ። አያችሁት? አገር ላዘምን ያለበት ፍላጎት ራሱ አጥፊውን ጠራበት። ትራጄዲ ማለት ይሄ ነው።

ተዋናዩን የሚፈትነው ሳምንት

መጨረሻው የሆነው በ1860 ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት ነው። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት አፄ ቴዎድሮስ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን አስገደለ፤ ወደ ገደል የተወረወሩም ነበሩ። በስቅለት ዕለት እሮጌ ላይ ጦሩ ተሸነፈ፣ ታማኙ ፊታውራሪ ገብርዬም ወደቀ። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ እጄን አልሰጥም ብሎ መቅደላ ላይ በገዛ እጁ ሞተ።

አሁን ራሳችሁን በተዋናዩ ቦታ አስቀምጡ። «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ተብሎ የተሰደበውን ወጣት፣ ሚስቱ ተዋበች ስትሞት የተሰበረውን ባል፣ ሐሙስ ዕለት ሰው ያስጨረሰውን ንጉሥ፣ ሰኞ ዕለት ብቻውን የቀረውን ሰው፣ ሁሉንም በአንድ ምሽት መሆን አለባችሁ። ተመልካች እንዲወደው ብቻ ከተጫወታችሁት የሐሙሱ ግድያ ይደበቃል። እንዲጠላው ብቻ ከተጫወታችሁት የሰኞው ሞት ማንንም አያሳዝንም። ሁለቱም ከሌሉ ቴዎድሮስ የለም።

ሦስት ደራሲ፣ ሦስት ዘመን

ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» የተባለ ተውኔታቸውን በ1942 ዓ.ም. አሳተሙ። አባታቸው ተክለ ሐዋርያት የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ተውኔት ደራሲ ናቸው። ዘመኑ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ነበር።

ቀጥሎ ሎሬት ጸጋዬ ገብረመድኅን መጣ። ኦቴሎን፣ ማክቤዝንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ የመለሰ ሰው ስለነበር ትራጄዲ እንዴት እንደሚገነባ ጠንቅቆ ያውቃል። «ቴዎድሮስ»ን በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ ጻፈው፣ ኋላ በአማርኛ መድረክ ላይ ወጣ። ወደኛ ዘመን ሲቀርብ ደግሞ ጌትነት እንየው «የቴዎድሮስ ራዕይ»ን ይዞ መጣ።

ሦስት መንግሥት አለፈ፤ አንዱ ሰውዬ ግን እየደጋገመ መድረክ ላይ ይመለሳል። ለምን? ጥያቄው ስላላለቀ ነው። አገርን አንድ ማድረግ በምን ይሁን፣ በጉልበት ወይስ በፍቅር?

ፍቃዱ ተክለማርያም

በጸጋዬ ተውኔት ቴዎድሮስን ከተጫወቱት ውስጥ ስሙ ቶሎ የሚነሳው ፍቃዱ ተክለማርያም ነው። ብሔራዊ ትያትርን ለዓመታት ያገለገለ፣ በድምፁም በቁመናውም መድረክ የሚሞላ ተዋናይ ነበር። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም አረፈ። ትያትሩን ያዩ ትልልቅ ሰዎች ስሙ ሲነሳ ቶሎ ወደ አፋቸው ከሚመጡት ነገሮች አንዱ ቴዎድሮስ ነው።

ችግሩ ታዲያ እዚህ ጋ ነው። የሎረንስ ኦሊቪዬን ሐምሌት ማየት ብትፈልጉ የ1948 (እ.ኤ.አ.) ፊልሙ አለ፣ አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ ታዩታላችሁ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ድምፁ ስለተቀዳ እሱ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላም እየሰማነው ነው። የመድረክ ትያትር ግን መጋረጃው ሲዘጋ ያበቃል። ካልተቀረጸ የሚኖረው ባየው ሰው ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው። ትልልቆቹ ትያትር ቤቶች ደግሞ አዲስ አበባ ናቸው፤ ከአሶሳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ። ለኛ መድረኩ ስልካችን ነው፣ ስልካችን ላይ ያለው ቴዎድሮስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፎቶና ፉከራ ብቻ ነው።

ትያትር የሚያስተምረው ግን ከዚያ ይበልጣል። አንድን ሰው ሳታጸድቀው ልታዝንለት፣ እያዘንክለትም ያጠፋውን ሳትደብቅ ልትናገር ትችላለህ። እንደኛ ክልል ግጭት አይቶ፣ ሰው ተፈናቅሎበት ለሚያውቅ ቦታ ይሄ ቀላል ትምህርት አይደለም። ስለ ጎረቤታችንም ስለ ራሳችንም ስናወራ ሁለቱን አብሮ መያዝ አቅቶን ነው ብዙ ጊዜ የምንጣላው።

ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ ውስጥ ድሮ አዲስ አበባ ኖሮ ትያትሩን ያየ ሰው ካለ ዛሬውኑ ጠይቁት። ስልካችሁን አውጡና፣ አስፈቅዳችሁ፣ ሲያወራ ቅረጹት። ፍቃዱ ሐሙስን እንዴት ተጫወተው? ሰኞንስ? ያገኛችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልን።