ማርትሬዛን ከጠርዟ ማንበብ

የአያቴን የአንገት መስቀል አሥራ ስምንት ዓመት ሳጠልቀው ጠርዙን አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁትም። ማተቡ የሚገባበት ቀለበት ሳስቶ ሊበጠስ ሲል ነው ወደ አንድ ሽማግሌ ብር ሠሪ ይዤው የሄድኩት። እሳቸው መስቀሉን እንደ እኔ ፊት ለፊት አላዩትም። በሁለት ጣት ይዘው ወደ መስኮቱ ዘንበል አደረጉና ጠርዙን ዙሪያውን ቃኙት።

«ይሄ የቀለጠ አይደለም፤ የተቆረጠ ነው» አሉኝ።

በታችኛው ክንድ ጫፍ፣ ከሁለት ሚሊ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ውፍረት ላይ፣ ሦስት የላቲን ፊደላት ነበሩ፦ ኤል፣ ኢ፣ ኤም።

«የማን ስም ነው አባባ?»

«የማርትሬዛ ነዋ!» ብለው ሣቁብኝ።

በእርግጥ ስም አልነበረም። ማርትሬዛ በምትባለው በጠገራ ብር ጠርዝ ላይ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚል ጽሑፍ ዙሪያውን ይዞራል፤ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው፤ የባለ መልኳ ንግሥት መፈክር ነበር። የኔዎቹ ሦስት ፊደላት «ክሌሜንቲያ» ከሚለው ቃል መሐል የተረፉ ናቸው። አያቴ ይህን ብትሰማ «ታዲያ ምሕረት መሆኑን ሳላውቅ ነው ያሰርኩት?» ብላ እንደምትቆጣ አልጠራጠርም።

ስለ ብሯ አጠቃላይ ነገር ብዙ ማለት አያስፈልግም። የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ መልክ ያለባት፣ 28 ግራም ከትንሽ የምትመዝን፣ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር የሆነች፣ አያቶቻችን ጥሎሽ የጣሉባት፣ በእንስራ አድርገው መሬት ውስጥ የቀበሯት ገንዘብ ናት። ዛሬ «ብር» የምንለው ገንዘብ ስሙን ያገኘው ከማዕድኑ መሆኑን ደግሞ ልጅ ሁሉ ያውቃል።

እኔን የሚገርመኝ አንጥረኛው ያደረጋት ነገር ነው። ለአገራችን ብር ሠሪ ጠገራ ገንዘብ ብቻ አልነበረችም፤ ዋናዋ ጥሬ ዕቃ እሷው ነበረች። ደንበኛው ድሪ ወይም አምባር ሲያሠራ ብሩን ቆጥሮ ይሰጣል፤ ሠሪው አቅልጦ ይቀጠቅጣል። የቀለጠችው ምልክቷን ሁሉ በወናፉ ሥር ትታ ትሄዳለች። አንዳንዱ ሠሪ ግን ከሰል ለመቆጠብም ይሁን ጊዜ ለማትረፍ፣ ማቅለጡን ትቶ መስቀሉን ከብሯ ላይ በቀጥታ ቆርጦ ያወጣል። ብሯ ከዳር እስከ ዳር አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነች ለአንገት መስቀል ልክ ናት። የፊቱን ምስል በሞረድ ያጠፋዋል፣ በላዩ ሐረግ ይቀርጽበታል። የክንዶቹ ጫፍ የብሯ ጠርዝ ላይ ካረፈ ግን፣ ሞረዱ እዚያ ካልደረሰ፣ ጽሑፉ ይቀራል። የኔው መስቀል ጀርባም በጎን ክንዱ ላይ፣ ጎድጎድ ባለችው ቦታ፣ ሦስት ጭረቶች አሉት። ሠላሳ ጊዜ ያህል «የሠሪው ቢላ አምልጦት ነው» ብዬ አልፌያቸው ነበር። ለካ በብሯ ጀርባ ያለው የባለ ሁለት ራሱ ንስር የክንፍ ላባዎች ናቸው።

አሁን ወደማልታገሠው ስሕተት ልግባ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እኔ በምኖርበት ብሎክ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለ አንድ ወጣት የአባቱን ጠገራ በመሐረብ ጠቅልሎ መጣና «ጋሼ፣ ሁለት መቶ አርባ ዓመት ያለፋት ናት፤ ስንት ታወጣለች?» አለኝ። ከንስሩ በላይ በኩል 1780 ተብሎ ተጽፏል፤ እውነት ነው። «የሰባ ወይም የሰማንያ ዓመት ሳትሆን አትቀርም» ስለው ብሩን ከእጄ ቀማኝ ማለት ይቻላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደረጃ ስንገናኝ ሰላምታው ቀዝቅዞ ነበር።

እሱን ብቻ አልወቅሰውም። በጌጣጌጥ ሱቅ ያሉትም፣ የመንደር ደላሎችም፣ ሰብሳቢ ነን የሚሉትም ሳይቀሩ ቁጥሯን አይተው ዕድሜ ይቆርጡላታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው በ1780 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በኖቬምበር 29 ነው። ልጇ ሲተካ ብሩ ላይ የእሱ መልክ መግባት ነበረበት። የቀይ ባሕር ዙሪያ ነጋዴ ግን ለምዷታል፤ የልጇን መልክ ምን ያድርገው? የኦስትሪያ መንግሥትም ገበያውን ማጣት ስላልፈለገ ማተሚያውን በ1780 ላይ አቆመና በዚያው ቁጥር ማተሙን ቀጠለ። በቪየና፣ በፕራግ፣ በሚላኖና በቬኒስ ታተመች። በ1858 እንደ ፈረንጆቹ፣ በራሷ በኦስትሪያ ገንዘብነቷ ሲሻር እንኳ ለውጭ ገበያ መታተሟ አልቆመም። የሞተች ሴት ገንዘብ ከአገሯ ወጥታ በሰው አገር ነገሠች።

እንግዲህ በአባቶቻችን ሣጥን ውስጥ ያለችው ከየት እንደመጣች ሲታሰብ፣ ታሪኩ ከ1780 ይልቅ ወደ ራሳችን ቤት ይቀርባል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ወደ መቅደላ ሲዘምት በአገሩ ፓውንድ አንድ በቆሎ የማይገዛ መሆኑን ስላወቀ ጠገራውን ከቪየና አሳትሞ አመጣ። ሌላው ደግሞ ይብሳል። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከኦስትሪያ ጋር ተዋውሎ የማተሚያ መብቱን ለሃያ አምስት ዓመት ወሰደ፤ ሮም ማተም ጀመረች። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። የሚያታልልበት፣ የሚገዛበትና የሚያባብልበት ገንዘብ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው። ንግዳቸው የተነካባቸው እንግሊዞችም የራሳቸውን ማተሚያ ቀርጸው በለንደን ጀመሩ፤ ፓሪስና ብራስልስም አተሙ። በ1940 እና በ1941 እንደ ፈረንጆቹ፣ ጣሊያንን ከምሥራቅ አፍሪካ ለማስወጣት በተዘመተበት ሰሞን፣ ቦምቤይ ብቻዋን ወደ 19 ሚሊዮን አትማለች። በርሚንግሃም ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ቀጠለች። በሁሉም ላይ ያለው ቁጥር 1780 ነው።

ስለዚህ ያ ጎረቤቴ የያዛት ብር አርበኞች ጫካ ሳሉ በሮም የታተመች ልትሆን ትችላለች፤ ወይም እነሱን ለማገዝ ከቦምቤይ በመርከብ የመጣች። «እንግዲያው ሐሰተኛ ነቻ!» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለችም! ብሩ ያው ብር ነው፣ ክብደቱም ያው። ሐሰተኛው ቀኑ ብቻ ነው። ሲሆን ሲሆን አንድ ሰው ንብረቱ የጣሊያን ወረራ ምስክር መሆኑን ሲያውቅ ከተራ «አሮጌ ብር» አብልጦ ሊወድደው ይገባ ነበር።

የት እንደታተመች ለማወቅ ጥቃቅኗን ማየት ነው። ከንግሥቲቱ ደረት ሥር ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ። ብዙ ሰው የአገር ስም ወይም የቅዱስ ስም ምሕጻር ይመስለዋል። የጉንትስቡርግ ማተሚያ ቤት የሁለት ሹማምንት፣ የሾብልና የፋቢ የስም መነሻ ናቸው። እነዚህ ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች ከሞቱ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ስማቸው በላስታና በጎጃም ገበያ እየተመረመረ «ይለፍ» ወይም «አይለፍ» ይባል ነበር። ከዓመተ ምሕረቱ አጠገብ ያለችው ኤክስ የምትመስል ምልክት ደግሞ የቡርገንዲ መስቀል ናት። በትከሻዋ ላይ ያለችው የልብስ ማያያዣ ጌጥ ዙሪያዋን በዘጠኝ እንክብሎች ተከብባለች፤ የኛ ነጋዴዎች እነዚያን በጥፍራቸው እየነኩ ይቆጥሩ ነበር፤ አንዷ ተፍቃ ከጠፋች ብሩ ይመለሳል። የፈረንጅ ተጓዦች ይህን አይተው የአገሬው ሰው በአጉል እምነት የታሠረ መስሏቸው ተገርመው ጽፈዋል። የሚገርመኝ እነሱ ናቸው፤ ጠፍታ ያለቀች ብር ከ28 ግራም ታንሳለች፤ እንክብል መቁጠር ሚዛን ለሌለው ሰው ሚዛን ነው።

ማተሚያ ቤቶቹ አዲስ ማተሚያ በቀረጹ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ተለያዩ። የንስሩ ጭራ ላባዎች አቀማመጥ፣ የጌጧ እንክብሎች ቅርጽ፣ በፊደላቱ መሐል ያሉ ነጥቦች፣ በጠርዙ ላይ በቃላቱ መካከል የገባው ጌጥ፤ አዋቂዎች የለንደኗን ከሮሟ የሚለዩት በእነዚህ ነው። መልኳን በደንብ የሚያውቃት ገበያ እንዳይሸወድ የታሰበ ሳይሆን፣ ሁለት የቀራጭ እጆች አንድ ስለማይሆኑ የመጣ ልዩነት ነው። ገበያው ትልቅ ልዩነት ሲያይ ግን አይምርም፤ ጣሊያን በ1918 እንደ ፈረንጆቹ ለኤርትራ የራሱን ጠገራ፣ እሷን የምትመስል ሴት አድርጎበት አሳትሞ ነበር፤ ገበያው አልተቀበላትም።

የአፄ ምኒልክስ ብር? በ1887 ዓ.ም. የታተመችው በፓሪስ ነው፤ በላይዋ «ኤ» የምትባለው የፓሪስ ማተሚያ ቤት ትንሽ ምልክት አለች። ክብደቷን ከማርትሬዛ ጋር አስተካክለው ነበር ያሠሯት፤ ሕዝቡ ግን ሴትዮዋን አልለቀቀም። ከቤቴ ወደ እንጦጦ ጫካ ሽቅብ ባየሁ ቁጥር ይህ ይታወሰኛል፤ ያን ሁሉ የሠሩ ንጉሥ፣ በዚያ ተራራ ላይ የነገሡ፣ በአንዲት የሞተች ባዕድ ሴት ገበያው ላይ ተረቱ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ዶላር እስኪወጣ ድረስ እሷው ናት የቆየችው።

እንግዲህ ጠገራ ወይም ከጠገራ የተቆረጠ ጌጥ ያላችሁ፣ እባካችሁ በአመድና በኮምጣጤ አትፈትጓት። በብረት ቡሩሽ የምታጸዱማ አላናግራችሁም። ጥቁረቱ ቆሻሻ ሳይሆን የዕድሜ ልብስ ነው፤ ፊደሉን የሚያሳየውም በጎድጎዳው ውስጥ የገባው ያ ጥቁር ነው። ለአንገት ማጥለቂያ ብላችሁ ቀለበት የምታስበይዱ ደግሞ፣ ኤስ እና ኤፍ ላይ ብየዳ የምታፈሱት ለምንድን ነው? ጠርዙን «ለማስተካከል» በሞረድ የሚልጉ ሠሪዎችም አሉ፤ የኔዎቹን ሦስት ፊደላት እንዲህ ያለ ሰው እጅ ሳይገቡ አግኝቻቸዋለሁ።

ሽማግሌው ቀለበቱን ሲያድሱልኝ «ጠርዙን ላለስልስልህ?» ብለው ጠየቁኝ። «አባባ፣ እባክዎ እንዳይነኩት» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ማጉያ መነጽር ገዛሁ። ዋጋው ከቀለበቱ ዕድሳት በላይ ነበር።

ያ ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት ማታ በሩን አንኳኳ። መሐረቡን ፈታ፤ ሰላምታ ሳይሰጠኝ «ጋሼ፣ ቆይ እንክብሎቹን እንቁጠራቸው» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ብርሃን አስጠግተን፣ ማጉያውን ይዤለት፣ በመርፌ ጫፍ እየነካ ቆጠረ። ስድስት፣ ሰባት አለ። ስምንት ላይ መብራት ጠፋ። «አትንቀሳቀስ፣ ጣትህን አታንሳ!» ብዬው የስልኬን መብራት ልፈልግ ስነሳ፣ በጨለማው ውስጥ «ኧረ አላነሳም» ሲለኝ ይሰማኛል።